የታደለች ቢላዋ

ከእኔ ቤት ሥር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ አለ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁ አይሰማም፤ ሰላምታ እንኳ ቢሰጥ በቅንድቡ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን በረንዳው ላይ ይቀመጥና ያንን በቆርቆሮ የታሸገ የተብላላ ዓሣውን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ መኖሩን የማያውቅ የሻርሆልመን ሰፈራችን ሰው የለም። ደረጃው ይሸታል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሸታል፣ ከላይ ያለችው ሴትዮ በመስኮት ትጮኻለች። ልጄ ሊዲያ ልትጠይቀኝ መጥታ ከሆነ አፍንጫዋን ይዛ እየተራገመች መስኮቱን ሁሉ ትዘጋለች። ባለፈው ነሐሴም እንዲሁ ከፈተ። እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤቴ ስወጣ ነበር፣ እና ደረጃው መሃል ላይ ዕቃዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ከላይ ዓሣ ዓሣ ይበል እንጂ ከሥሩ ሌላ ነው። በእኛ አገር የእንሰት ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣው ያ ኮምጣጣ፣ ከባድ፣ ለማያውቀው የሚያስጠላ፣ ለተራበ ልጅ ግን ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ ነው። ስንት ዓመት በዚያ ደረጃ ስወጣ ስወርድ እንደዚያ ቀን ያ ሽታ አስቁሞኝ አያውቅም። የመጣሁት ከፍሌሚንግስቤሪ ነበር፤ ከሆስፒታል፣ ከሣራ ዘንድ።

ሣራ የአባቴ እህት ልጅ ናት። የእነሱ ጓሮና የእኛ ጓሮ በአንድ የቀርከሃ አጥር ነበር የሚለያየው። ተወልደን ያደግነው ከምባታ፣ ከሆሳዕና በስተደቡብ በደጋው ላይ ነው። እኔ ወደዚህ አገር ቀደም አልኩ፣ እሷ ባሏን ተከትላ በኋላ መጣች። እኔ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ስሠራ ኖርኩ፣ እሷ ሶለንቱና በሚባል ሰፈር የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለስንቱ የስዊድን ልጅ ድንች ስትቀቅል አረጀች። በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንዘምራለን፣ በሠርጉም በለቅሶውም አብረን እንሠራለን። ታዲያ አንድ የማልወድላት ነገር ነበራት። እኔ ቤት መጥታ ስጋ ልትቆርጥ ወይም ጎመን ልትከትፍ ስትነሳ ቢላዋዋን ከቦርሳዋ ታወጣለች፤ የእኔን አትነካም። ያንንም ቢሆን ዝም ብላ አትቆርጥበትም፤ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ታጋድመዋለች፣ ብረቱ ቀለሙ እስኪለወጥ ታግለዋለች፣ አብርዳ ጠርጋ ከዚያ ትጀምራለች። ምን ልትል ነው ይቺ ሴት እል ነበር በሆዴ። ቤቴ ቆሻሻ ነው ለማለት ነው? የወጥ ቤት ሠራተኛ መሆኗን ልታሳየኝ ነው? አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አንድ ቀን አልነገረችኝም። እንዲህ ነን እኛ፤ ቅር ብሎን እንሞታለን እንጂ አንጠያየቅም።

ያን ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ከስታ ትራሱ ውጧት አገኘኋት። ሐኪሞቹ የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል፣ እሷም ታውቃለች። ልጆቿ ወጣ እስኪሉ ጠበቀችና እጄን ያዘችኝ። እጇ የእናቷን፣ የአክስቴን የታደለችን እጅ መስሏል፤ ጣቶቿ ረጃጅም፣ መገጣጠሚያቸው ላይ ወፈር ያሉ።

«አበቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ» አለችኝ። «ያን ቀን እናቴ ለደቦ እናንተ ቤት ስትገባ፣ ጓሯችን መታመሙን እናትሽ ታውቅ ነበር? ካላወቀች ማቴን የገደለችው እናቴ ናት። ይህን ይዤ ልሂድ ወይስ ሌላ አለ?»

ማቴ ታናሽ ወንድሜ ነው። ስሙን ከሰው አፍ ከሰማሁ ዘመን አልፏል፤ ልጆቼ ራሳቸው አያውቁትም። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን የምትሞትን ሰው ፊት ለፊት እያየሁ አፌ ከየት አባቱ እንዳመጣው እንጃ፣ ኧረ ተይ እባክሽ፣ ድርቅ ነው፣ የዚያን ዘመን በሽታ ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አልኳት። የትራሷን ዳር አስተካከልኩ፣ ውሃ ቀዳሁላት። ሣራ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም በአውቶቡስ መጣሁና ያ ሽታ ደረጃው ላይ ያዘኝ።

ቤት ገብቼ መስኮቱን አልዘጋሁም። ሊዲያ ደውላ ዓሣው ተከፈተ ወይ አለችኝ በስዊድንኛ፣ እኔ በአማርኛ አዎ አልኳት፣ እንደ ልማዳችን። ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ወደዚያ ጓሮ ተመለስኩ።

የእኛ ቤት ከአጥሩ እስከ ታችኛው ጅረት ድረስ በእንሰት የተከበበ ነበር። እንሰት ለማያውቅ ሰው ሙዝ ይመስለዋል፤ ፍሬ ግን አይጠበቅበትም፣ የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ከተተከለ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ እናቴ በቁመት በቁመታቸው ነበር የተከለቻቸው። ቤቱ ጥግ ያሉት ግልገሎቹ፣ ቀጥሎ የከርሞዎቹ፣ ከዚያ የዚያ ማዶዎቹ፣ ከታች ደግሞ ለዘንድሮ የደረሱት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ ልጆቿ ገና ያልኖሩትን ዓመት ምሳ ታያለች። ቤታችን ክብ ሣር ቤት ነው፤ በአንድ ወገን ላሞቹ፣ በአንድ ወገን እኛ፣ መሃል ላይ እሳቱ። ብርድ ሲሆን አራት ልጆች በአንድ ቡልኮ እንተኛለን፤ ማቴ መሃል ካልሆነ ያለቅሳል። ልብስ ማለት አቡጀዲ ነበር፣ ሲገዛ እንደ ወረቀት የሚንኳኳ፣ ሦስቴ ሲታጠብ የሚለሰልስ። ስሙኒ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ጨውም ቃሪያም ይዞ ይመለሳል፣ ለልጅም ከሸንኮራ አገዳ ቁራጭ ይተርፈዋል። አባቴ አብዛኛውን ዓመት ቤት አልነበረም፤ እንደ አገሩ ወንድ ሁሉ ቆላ ወርዶ ሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ነው። ሲመጣ ወባውንም ይዞ ይመጣል። ጓሮው፣ ላሞቹ፣ እኛ፣ ሁሉም በእናቴ ትከሻ ነበር።

ማቴ አራት ዓመቱ ነበር፣ ምናልባት አምስት። ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጉንጩ የሚንጠለጠል፣ የሚስቅ ልጅ። እሱን ማዘል የእኔ ሥራ ነው፤ ወገቤ እስኪቆረጥ አዝለዋለሁ። ጅረቱ ድረስ አዝዬው ስወርድ እንደ ድንጋይ ከብደህ ገደልከኝ እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ጆሮዬን ይዞ እንደ በቅሎ ይነዳኛል። ቡላ ነፍሱ ነው። ቡላ የእንሰቱ ነጭ ዱቄት ነው፣ እንደ ወተት የሚያጥም ገንፎ የሚሠራበት። ሴቶቹ እንሰት ሲፍቁ ከሥር የሚወርደውን ነጭ ውሃ ጎንበስ ብሎ እያየ መቼ ነው ገንፎ የሚሆነው ሲል ይውላል።

እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፣ ለብቻም አይሠራም። ሴቶቹ በደቦ ዛሬ አንዷ ቤት፣ ነገ ሌላዋ ቤት እየዞሩ ይሠራሉ፤ ቢላዋውን ሁሉም የየራሷን ይዛ ትመጣለች። አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዘፈኑ ስለ ሰነፍ ባልና ስለ ቀናተኛ አማት ነው፣ ከሩቅ ለሚሰማው ግን ደስታ ብቻ ይመስላል። እንሰት ይቆረጣል፣ ግንዱ ይላጣል፣ ሳንቃ ላይ ተጋድሞ ይፋቃል፣ ከዚያ የተፋቀው በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ይገባል። ቅጠሉ የሚቆረጠው ከቆመው፣ ገና ከሚያድገው እንሰት ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ሰሞን በሽታ ገባ። እንሰቱ መጀመሪያ ከመሃሉ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ሁሉም እጁን ዘርግቶ እንደሚለምን ሰው ይዘነበላል። ቢቆረጥ ከውስጡ ቢጫ ልጋግ ይወጣል። አንድ ካኪ ቁምጣ የለበሰ የእርሻ ሠራተኛ መጥቶ ሕዝቡን ዛፍ ሥር ሰበሰበ። በሽታው በቢላዋ ነው የሚሄደው፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ጓሮ ስትገቡ ቢላዋችሁን በእሳት አግሉት አለ። ሰዉ ሰማው። ነገሩን መስማት አላቃተንም፤ ማድረጉ ነው ያቃተን። የእንግዳን ቢላዋ ተቀብሎ እሳት ውስጥ መክተት ምን ማለት ነው? ጓሮሽ ታሟል፣ እጅሽ ክፉ ነው፣ ቤቴን ልታጠፊ መጣሽ ማለት ነው። ጓሮዋ መታመሙ የታወቀ ሴት ደግሞ ደቦ አይጠራትም፤ ካልተጠራች እሷም ጋ የሚመጣላት የለም። ብቻዋን ደግሞ እንሰት ፍቃ ልጅ ማብላት አትችልም። ስለዚህ ጓሮው የታመመበት ሁሉ ይደብቃል፣ ያየው ሁሉ እንዳላየ ያልፋል።

እናቴ ግን አስባበት ነበር። ተራው የእኛ ቤት በሆነ ዕለት ጠዋት ደጃፉ ላይ እሳት አነደደች። ለምን ስላት ለቢላዋዎቹ ነው አለችኝ፤ ከራሴ እጀምራለሁ፣ ከራሴ ከጀመርኩ ማንም አይከፋውም አለች። ቢላዋዋን ከፍሙ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የመጡት ሁለቱ ሴቶችም እየሳቁ የራሳቸውን ጨመሩ። ከዚያ አክስቴ ታደለች በታችኛው መንገድ ስትመጣ ታየች። አክስቴ ለእናቴ የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ እግሯን ያጠበቻት፣ ልጆቿን ሁሉ ያዋለደቻት፣ እናቴ «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብላት የማታውቅ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ቢላዋዋን በኮባ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። እናቴ ቁልቁል አየቻት። ከዚያ ማሰሮውን አንስታ እሳቱ ላይ ውሃ ቸለሰችበት። እኔ አጠገቧ ማቴን አዝዬ ቆሜያለሁ። ጭሱ የልጆቹን ዓይን አቃጠለው አለች ለሴቶቹ። እነሱም ቢላዋቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ያን ቀን ቅጠሉን የቆረጠችው አክስቴ ናት። እጇ ከሁሉም ፈጣን ስለሆነ ሁልጊዜም እሷ ናት የምትቆርጠው። ከግልገሎቹ ጀምራ በመስመር በመስመር ወረደች፤ ማቴ ከኋላዋ ቅጠሉን በአናቱ ተሸክሞ ይሮጣል። ዘፈኑም ደመቀ። ማታ የበላነው የቡላ ገንፎ ነበር፣ ማቴ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ በላ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ቤቱ ጥግ ያለው ግልገል መሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እናቴ በቢላዋ ሰነጠቀችው፣ ልጋጉ ወጣ፣ እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያ የሚቀጥለው። የዘንድሮው ብቻ ቢሆን እኮ ምንም አልነበረም፤ የከርሞው፣ የዚያ ማዶው፣ ገና ያልኖርነው ዓመት ሁሉ ቆሞ በሰበሰ። ዝናብ ግን አልቀረም ነበር። ለዚህ ነው ሰው የማያምነን። ሣሩ ለምለም ነው፣ ጅረቱ ይፈሳል፣ አገሩ በሙሉ አረንጓዴ ነው፣ እና በዚያ አረንጓዴ መሃል የልጆች እግር ያብጣል። ላሞቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። አባቴ የሚልከው ከጨው አልፎ አያውቅም። ጓሮው የሞተበት ሰው ብዙ ስለነበር የሚያበድር ጠፋ። ማቴ መሳቁን ተወ፣ ቀጥሎ ማልቀሱን ተወ። ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ክብደቱን ነው። አንድ ቀን ጅረቱ ድረስ አዝዬው ወርጄ እንስራዬን ልሞላ ጎንበስ ስል መኖሩን ረሳሁት። ከጀርባዬ ላይ ልጅ ያለ አልመሰለኝም። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ነካሁት፣ አለ። ከዚያ ሳምንቱ አልሞላም።

ለለቅሶው አክስቴ ታደለች ከሁሉ በላይ ጮኸች። ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ወደቀች፣ እናቴ አንስታ አቀፈቻት። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አየሁ። ልጅ ብሆንም ያ ማቀፍ የሆነ ነገር የቋጠረ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ያወቅኩት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፣ እናቴ ልትሞት ስትል ከዚህ ሄጄ ሳስታምማት። ከደቦው ቀን በፊት በነበረው ሳምንት በቀርከሃው አጥር አሾልቄ የታደለችን ጓሮ አይቼ ነበር አለችኝ። ቅጠሎቹ ቢጫ ነበሩ። አውቄ ነው እሳቱን ያጠፋሁት፣ በሰው ፊት እንዳላሳፍራት ብዬ። ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም ከእሷ ተቀብዬ ይዤው እዚህ መጣሁ።

እንግዲህ ሣራ ስትጠይቀኝ እኔ ምን አደረግኩ? ድርቅ ነው አልኳት። እኔም ማሰሮውን አንስቼ ውሃ ቸለስኩበት ማለት አይደል? አወይ የእናቴ ልጅ። ለዚያች ለምትሞት ሴት የሚሆናት አንድ ነገር እጄ ላይ ነበር፣ ያንን ይዤባት ትራስ ሳስተካክል ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስም ሳልቀምስ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አምላኬ እስክደርስ አቆያት እያልኩ ሄድኩ።

አቆያት። መስኮቱ አጠገብ ነበረች፣ ድምፅዋ ግን ቀንሷል። አልተቀመጥኩም። ሣራ ትናንት ዋሽቼሻለሁ አልኳት። እናቴ ጓሯችሁን አይታው ነበር፣ እሳት አንድዳ ነበር፣ እናትሽ ስትመጣ አይታ አጠፋችው አልኳት። ትቀልላለች፣ እፎይ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተከለች። ሣራ ብዬ ጠራኋት።

«እናቴ ጭሱን ከመንገድ አይታው ነበር» አለች። «ተመስገን፣ ቢላዋ እያገሉ ነው፣ እኔም ምንም ሳልናገር የእኔን እጨምራለሁ ብላ እፎይ አለች። ስትደርስ አመዱ እርጥብ ነበር። አበቡ፣ እሳት ስጡኝ ማለት እኮ ጓሮዬ ታሟል ማለት ነው። ልጆቿን ይዛ የት ትሂድ? ቅጠሉን እየቆረጠች አንዳቸው ታስቆመኛለች እያለች ነበር የዋለችው። አንድ ሰው ተይ ቢላት ትተወው ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ነርሷ ገብታ አይታን ተመልሳ ወጣች። ሁለቱም ያውቁ ነበር፣ ሁለቱም እሳቱን ይፈልጉት ነበር፣ በመሃላቸው አንድ ልጅ ቅጠል ተሸክሞ ይሮጥ ነበር። እኔ ለሣራ እፎይታ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ተሸክማው የነበረው አንድ ጥፋት ነው፣ እኔ ሁለት አደረግኩት። ከዚያ ግን እጄን ያዘችና፣ እንኳን ነገርሽኝ፣ ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው አለች። ስለ ቢላዋዋም ያኔ ነው የነገረችኝ። አክስቴ ማቴ ከተቀበረ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ያንን ቢላዋ እሳት ሳታሳይ ቅጠል ቆርጣበት አታውቅም፤ እጀታው እስኪከስል። ለሣራም ያወረሰቻት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ሰው ቤት ስትገቢ ሳይጠይቁሽ ቢላዋሽን እሳት አሳዪ ብላታለች። እኔ በገዛ ወጥ ቤቴ ስንት ዓመት ሙሉ ያኮረፍኩት ለዚህ ነው። የእኔን ቢላዋ የማትነካውም ለካ አግዪው ብትለኝ እንዳይከፋኝ ፈርታ ነው።

ሣራ በዚያው ሳምንት አረፈች። ለቅሶው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ተሰበሰብን፤ ስጋው፣ ሽንኩርቱ፣ ጎመኑ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። ሁሉም ቢላዋዋን ይዛ መጥታለች። እኔ ምድጃውን አበራሁና የራሴን አጋደምኩበት። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ፣ አምጡ አልኳቸው። ተያዩ። አንዷ ሰጠችኝ፣ ሌላዋ ሰጠችኝ። እዚህ እንሰት የለ፣ ጓሮ የለ፣ የምናድነው ምንም ነገር የለም፤ እኔም አላጣሁትም። ሙሉ የምትባለው ወጣት፣ መንትዮች የወለደችው፣ ቢላዋዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«እትዬ አበበች፣ ምነው፣ የእኔ ቢላዋ ምን ሆነ? ቆሻሻ ነው ብለው ነው?»

ፊቷ ቀልቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ኧረ የእኔ ልጅ፣ ምን በወጣሽ፣ ዝም ብዬ ነው እል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። «ስለማላውቅ ነው የማሞቀው። ቅር ካለሽ ይበልሽ፣ ነገ እንታረቃለን። ማቴን የገደለው ይሄ ነው፣ ቅር እንዳይላት ማለት።»

ሙሉም ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ እስከ ማታም አላናገረችኝም። ቢላዋዋን አንስቼ ከሌሎቹ ጋር አጋደምኩት። ልጄ ሊዲያ ሽንኩርቱን ትታ ቀና አለች። በስዊድንኛ፣ ማቴ ማን ነው አለችኝ።

«አጎትሽ ነው» አልኳት። «ቢኖር ዘንድሮ ጡረታ ይወጣ ነበር።»